በጥቁሩ ባንዲራ ሥር

በአማርኛ ሽፍታና ወንበዴ አንድ አይደሉም። ሽፍታ ማለት በደል ደርሶበት፣ ወይም በደል ደረሰብኝ ብሎ፣ ዱር የገባ ሰው ነው፤ ዘመድ በስውር ስንቅ ያቀብለዋል፤ አዝማሪ በስሙ ይገጥምለታል፤ ያሳደደው ሹም እንኳ አንድ ቀን በምሕረት ይገባልኛል ብሎ ተስፋ ያደርግበታል። ወንበዴ ግን ዘመድ የሌለው ስም ነው። ስሙን የሚያወጣለትም ራሱ ሳይሆን አሳዳጁ ነው። መርከብ እየዘረፉ በባሕር ላይ ለኖሩት ሰዎች ቋንቋችን የሰጣቸው ይህንኑ ሁለተኛውን ስም ነው። ስሙ ይገባቸዋልን? ወይስ እነርሱም ከሽፍታው ወገን የሚቆጠሩ ናቸው? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ቢመስልም፣ ከበስተጀርባው አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የተጨቆነ ሰው ለራሱ ሕግ የማውጣት ዕድል ባገኘ ጊዜ ምን ዓይነት ሕግ ያወጣል የሚለው ነው።

የባሕር ወንበዴን መልክ የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ የሸፈነ፣ እግሩ የእንጨት፣ በትከሻው ላይ በቀቀን ያሳረፈ፣ የተቀበረ ወርቅ የሚያሳይ ካርታ በኪሱ የያዘ ሰው ነው። ይህ ሥዕል በአብዛኛው የልብ ወለድ ልጅ ነው። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «ትሬዠር አይላንድ» የተባለውን ታሪኩን በመጽሐፍ መልክ ያሳተመው በ1883 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ በዚያን ጊዜ እውነተኞቹ ወንበዴዎች ከሞቱ ከ150 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ካፒቴን ዊልያም ኪድ በ1699 ጋርዲነርስ በተባለችው የአሜሪካ ደሴት ጥቂት ሀብት መቅበሩ እርግጥ ነው። ሆኖም ባለሥልጣኖች ብዙ ሳይቆዩ አስወጡት፤ ኪድም በ1701 ለንደን ላይ ተሰቀለ። ምርኮኛን በሳንቃ ላይ እያስኬዱ ወደ ባሕር መጣል የሚባለውም ቢሆን ከዘመኑ መዛግብት ይልቅ በኋለኞቹ ልብ ወለዶችና ሥዕሎች ውስጥ የሚገኝ ነው።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ ቴአትር ነው። በሙያዬ የታሪክ መምህር ስሆን፣ ከክፍል ሰዓት ውጭ የተማሪዎችን የቴአትር ክበብ አግዛለሁ። የክበቡ አባሎች ስለ ባሕር ወንበዴዎች አጭር ተውኔት ለማዘጋጀት በተነሡ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ልብስና ስለ ጎራዴ ነበር። ልብሱን ከማሰፋታችን በፊት ሰዎቹን እንወቃቸው አልኋቸው። ይህን ካልሁ ዘንድ ማንበብ ግዴታዬ ሆነ፤ ያነበብሁትም ከጠበቅሁት እጅግ የሰፋ ሆኖ አገኘሁት።

በታሪክ በሰፊው የሚታወቁት የባሕር ወንበዴዎች ከ1690ዎቹ እስከ 1720ዎቹ አጋማሽ የኖሩት ናቸው። አብዛኞቹ ቀድሞ የንግድ ወይም የጦር መርከብ ሠራተኞች ነበሩ። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ የንግድ መርከብ ላይ የሚሠራ ተራ መርከበኛ በሰላም ጊዜ የሚከፈለው በወር ከ25 ሺሊንግ ብዙም የማይርቅ ነበር። ምግቡ የተበላሸ ሥጋና የነቀዘ ደረቅ ብስኩት፣ መኝታው እርጥበት ያልተለየው ጠባብ ቦታ ነበር። ካፒቴኑ ለመግረፍ፣ ስንቅ ለመቀነስና ደመወዝ ለመቁረጥ ሰፊ ሥልጣን ነበረው፤ በዕለተ ጉዞ ከካፒቴኑ በላይ አቤት የሚባልበት ዳኛ በባሕር ላይ አልነበረም። በ1713 የስፔን አልጋ ወራሽነት ጦርነት እየተገባደደ ሲሄድ ደግሞ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወደ 50 ሺህ ይጠጋ የነበረውን የሠራተኛውን ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ15 ሺህ በታች አወረደው። ከባሕር ሙያ በቀር ሌላ የማያውቁ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደብ ላይ ተበተኑ። ሥራ ያገኙትም ያገኙት በተቀነሰ ደመወዝ ነው።

ወንበዴነት ከዚህ መሬት ላይ በቀለ። ከዚያ ጦርነት በፊት የሆነውን የሄንሪ ኤቭሪን ታሪክ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በ1694 በስፔኑ የኮሩኛ ወደብ ቆመው ከነበሩት የእንግሊዝ መርከቦች በአንዷ ላይ የነበሩ ሠራተኞች የወራት ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው ቀረ። ሌሊት አድመው መርከቢቱን ያዙ፤ ከመኰንኖቿ አንዱ የነበረውን ኤቭሪን አለቃቸው አደረጉት፤ ስሟንም ለውጠው «ፋንሲ» አሏት። ያልተከፈለ ደመወዝ መርከብ ሙሉ ሰው ወንበዴ ሊያደርግ ይችል እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ሕግ አወጡ። በ1724 ካፒቴን ቻርልስ ጆንሰን በሚል የብዕር ስም ለንደን ውስጥ የታተመ አንድ መጽሐፍ ከእነዚህ ደንቦች ጥቂቶቹን ይዞልን ይገኛል። ከእነርሱም የታወቀው የባርቶሎሚዮ ሮበርትስ መርከበኞች ደንብ ነው። ሮበርትስ የዌልስ ተወላጅ ሲሆን፣ በ1719 በዛሬዋ ጋና ጠረፍ ወንበዴዎች ሲማርኩት በአንድ የባሪያ መርከብ ላይ በመኰንንነት ያገለግል ነበር። በደንቡ መሠረት በዋና ዋና ጉዳዮች ላይ እያንዳንዱ ሰው ድምፅ አለው። ትኩስ ምግብና መጠጥ ሲገኝ ሁሉም እኩል ይካፈላል። በገንዘብ ቁማር መጫወት ክልክል ነው። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ በመርከቡ ውስጥ መብራት ይጠፋል። ጠብ ያለው ሰው ጠቡን የሚጨርሰው በመርከብ ላይ ሳይሆን በየብስ ነው። ሙዚቀኞች በሰንበት ያርፋሉ። በሥራ ላይ እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሰው ከጋራው ገንዘብ 800 የስፔን ብር ካሳ ያገኛል።

ድርሻውም በጽሑፍ የተወሰነ ነበር። ካፒቴኑና የስንቅና የምርኮ ኀላፊው ለእያንዳንዳቸው ሁለት ድርሻ፣ የመድፈኞች አለቃና የእርሱ አቻዎች አንድ ተኩል፣ ሌሎች መኰንኖች አንድ ከሩብ፣ ተራው መርከበኛ አንድ ድርሻ ይወስዱ ነበር። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ብቻ ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን በየትኛው የጦር ወይም የንግድ መርከብ እንዲህ ያለ ክፍፍል ይታሰብ ነበር? ካፒቴኑን የሚመርጡትም የሚሽሩትም ራሳቸው መርከበኞቹ ነበሩ። ፈላጭ ቆራጭ የሚሆነው በውጊያና በአሳደዳ ጊዜ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ የስንቅ ኀላፊው የመርከበኛው እንደራሴ ሆኖ ይቆጣጠረዋል፤ ምግብ የሚያከፋፍለው፣ ምርኮ የሚመድበው፣ ቀላል ጠብ የሚዳኘውም እርሱ ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ማርከስ ረዲከር በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ልማዶች በሰፊው ሲመረምር፣ መርከበኞቹ ደንባቸውን ያወጡት በቀድሞ መርከባቸው ላይ ያዩትን ግፍ እየገለበጡ መሆኑን ያሳያል።

ኑሯቸው ከጦርነት ይልቅ ሥራና ጥበቃ የበዛበት ነበር። በሞቃት ባሕር የመርከብ ሆድ በሣርና በቀንድ አውጣ መሰል ተውሳክ ስለሚሸፈን፣ በየጥቂት ወሩ ሰው ወደማይበዛበት ጠረፍ አስጠግተው፣ መርከቡን በጎኑ አጋድመው ይፍቁትና ይደፍኑት ነበር። ምግባቸው ሲቀና የባሕር ኤሊ ሥጋ ነው። ከዘረፏቸው ዕቃዎችም ብዙዎቹ ወርቅ ሳይሆኑ ሸራ፣ ገመድ፣ ዱቄት፣ አልኮልና መሣሪያ ነበሩ። ጥቁር ጢም በሚል ቅጽል የሚታወቀው ኤድዋርድ ቲች በግንቦት 1718 የቻርልስተንን ወደብ በአሜሪካ ጠረፍ ዘግቶ የከተማዋን ሰዎች ሲይዝ፣ መልቀቂያ አድርጎ የጠየቀው የመድኃኒት ሣጥን ነበር። በ1996 በኖርዝ ካሮላይና ጠረፍ የተገኘው የመርከቡ ስብርባሪም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ ከውስጡ ከወጡት ዕቃዎች መካከል የባዜቃ ርዝራዥ ያለበት የቂጥኝ ማከሚያ መርፌ ይገኛል። የሚፈሩት ሰዎች ራሳቸው የሚፈሩት በሽታን ነበር።

ጥቁሩ ባንዲራም ቢሆን ዓላማው ውጊያን መጥራት ሳይሆን ማስቀረት ነበር። የራስ ቅል፣ አጥንትና የአሸዋ ሰዓት ይሣሉበታል፤ መልእክቱ «ጊዜያችሁ አልቋል፣ እጃችሁን ስጡ» ነው። የተሰጠ መርከብ ብዙውን ጊዜ ያለ ደም ይዘረፋል። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ግን ምሕረት የለም ማለት ነው።

የሮበርትስ ደንብ ሴትና ልጅ በመርከብ ላይ እንዳይገኙ ይከለክላል። በሌሎች መርከቦች ላይ ግን ሁለቱም ነበሩ። በ1720 በጃማይካ ከጃክ ራካም ጋር የተያዙት አን ቦኒና ሜሪ ሪድ ከወንዶቹ ጋር ተሰልፈው መዋጋታቸውን ምስክሮች በችሎት ተናግረዋል። ሁለቱም ነፍሰ ጡር መሆናቸው ስለታወቀ ስቅላቱ ተላለፈላቸው፤ ሪድ በ1721 በእስር ቤት ሞተች። ልጅ ጆን ኪንግ ደግሞ በ1716 ከእናቱ ጋር ሲጓዝ መርከባቸውን ሳሙኤል ቤላሚ የተባለ ወንበዴ ያዘው። ልጁ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ካልሄድሁ ብሎ እናቱን እስከ ማስፈራራት ደረሰ ይባላል። ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ ነበር። በሚያዝያ 1717 የቤላሚ መርከብ «ዊዳ» በኬፕ ኮድ አጠገብ በማዕበል ተሰበረ። ስብርባሪው በ1984 ሲገኝ፣ ከወጡት ቅርሶች መካከል አንዲት ትንሽ ጫማ፣ የሐር ካልሲና የሕፃን የእግር አጥንት ነበሩ። ተማሪዎቼ ስለ ወንበዴ ጎራዴ የነበራቸው ጉጉት የበረደው ስለዚህች ጫማ በነገርኋቸው ቀን ነው።

ይህ ታሪክ ከእኛም አካባቢ የራቀ አይደለም። ኤቭሪና ጓደኞቹ «ፋንሲ»ን ይዘው አፍሪካን ከዞሩ በኋላ በ1695 ክረምት ያደፈጡት በባብ ኤል ማንደብ፣ በፔሪም ደሴት አጠገብ ነው። የቀይ ባሕር በር የሚባለው ያ ጠባብ መተላለፊያ ከጥንት ጀምሮ የአፍሪካ ቀንድና የዐረብ ጠረፍ የሚተያዩበት፣ ነጋዴና ተሳላሚ የሚመላለስበት ነው። ወንበዴዎቹም ይህን አውቀው ከመካ የሚመለሱትን መርከቦች ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ የሕንዱን ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብን ታላቅ መርከብ «ጋንጂ ሳዋኢ»ን ተከትለው ያዙት። በመርከቡ ላይ ሐጅ አድርገው የሚመለሱ ምእመናን ነበሩ። ብዙ ቀናት የፈጀ ዘረፋና ማሠቃየት ተፈጸመ፤ ሴቶች ተደፈሩ። ከዚያም ምርኮው እንደ ደንቡ ተከፈለ። ደመወዛቸውን የተነፈጉት ሰዎች ከበዳዮቻቸው ሒሳባቸውን አላወራረዱም፤ ሒሳቡን የከፈሉት ከለንደን ባለመርከቦች ጋር አንዳች ጉዳይ ያልነበራቸው ተሳላሚዎች ናቸው። ከኤቭሪ ሰዎች አምስቱ በ1696 ለንደን ውስጥ ተሰቀሉ፤ ኤቭሪ ግን የገባበት ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ደንቦቹን በሌላ ዓይን መልሼ አነበብኋቸው። ከሮበርትስ በፊት በካሪቢያን ባሕር የነበሩትን ዘራፊዎች በሐኪምነት አብሮ የተጓዘው አሌክሳንደር ኤክስክወሜሊን በ1678 በደች ቋንቋ ባሳተመው መጽሐፍ የካሳቸውን ዝርዝር አስፍሯል። ቀኝ እጁን ላጣ 600 የስፔን ብር፣ ግራ እጁን ላጣ 500፣ አንድ ዓይን ላጣ 100 ይከፈላል። ይህን ሲያነቡ የሠራተኛ መድን ከመታወቁ አስቀድሞ የተቋቋመ መድን ነው ብሎ ማድነቅ ቀላል ነው። ዝርዝሩ ግን በዚያ አያበቃም። ገንዘቡ ከሌለ ምትኩ ተጽፏል፤ ለቀኝ እጅ ስድስት ባሪያ፣ ለግራ እጅ አምስት፣ ለዓይን አንድ ባሪያ። ለአንዱ ሰው ቁስል ማካካሻ የሆነው ሌላ ሰው ነው። ፍትሑና ግፉ በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

የታወቁት የወንበዴ መርከቦችም ታሪካቸው ሲመረመር ብዙዎቹ ቀድሞ የባሪያ መርከቦች ነበሩ። ቤላሚ የተሰበረበት «ዊዳ» ስሙን ያገኘው በዛሬዋ ቤኒን ከነበረው የባሪያ ገበያ ነው። ቲች የተጠቀመበት መርከብ «ላ ኮንኮርድ» የተባለ የፈረንሳይ የባሪያ መርከብ ነበር። ይህ መርከብ በ1717 ከአፍሪካ ጠረፍ 516 ሰዎችን ጭኖ ተነሣ፤ ወንበዴዎቹ እስኪይዙት ድረስ 61ዱ በመንገድ ሞተዋል። ቲች መርከቡን ከወሰደ በኋላ ጥቂቶቹን አፍሪካውያን ይዞ፣ አብዛኞቹን ለፈረንሳዮቹ መልሶ ተወላቸው፤ እነርሱም ወደ ማርቲኒክ ተወስደው ተሸጡ። በአንዳንድ የወንበዴ መርከቦች ላይ መሣሪያ ታጥቀው የተሰለፉ ጥቁሮች እንደነበሩ አይካድም። ያም ሆኖ ነፃነታቸው የሚጸናው ከመርከቡ ሳይወርዱ ነው። ከ«ዊዳ» መሰበር የተረፈው ሙስኪቶው ጆን ጁሊያን ለፍርድ እንኳ ሳይቀርብ ለባርነት ተሸጧል።

ከሁሉም የከፋው የሆነው በጥር 1722 ነው። የሮበርትስ ሰዎች በዊዳ ወደብ ያገኟቸውን የባሪያ መርከቦች ይዘው ቤዛ ጠየቁ። የአንዱ መርከብ የ«ፖርኪዩፓይን» ካፒቴን አልከፍልም አለ። የጆንሰን መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ መርከቡ እንዲቃጠል ሲወሰን በውስጡ ሁለት ሁለት ሆነው የታሰሩ 80 አፍሪካውያን ነበሩ። ሰንሰለቱን መፍታት ጊዜና ድካም የሚጠይቅ ሆኖ ስላገኙት ወንበዴዎቹ መርከቡን ከነሰዎቹ ለኮሱት። እሳቱን ሸሽተው ወደ ባሕር የዘለሉትን ሻርክ በላቸው። እያንዳንዱ ሰው ድምፅ አለው የሚለውን ደንብ የፈረሙት እነዚሁ እጆች ናቸው።

በልምምድ ጊዜ በጣም የተወደደልን ትርኢት የካፒቴን ስኔልግሬቭ ነበር። ዊልያም ስኔልግሬቭ በ1719 ወደ ሲየራ ሊዮን ወንዝ አፍ ሲደርስ ወንበዴዎች ያዙት። ወንበዴዎች መርከብ ሲይዙ ካፒቴኑ ሠራተኞቹን እንዴት ያስተዳድር እንደነበር የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው፤ ጨካኝ ሆኖ ከተገኘ ይቀጣል፣ ደግ ከሆነ ይተዋል። ሊገድሉት ሲሉ የራሱ መርከበኞች ከእርሱ የተሻለ አለቃ አላየንም እያሉ ለመኑለት፤ ነፍሱም ተረፈች። በመድረክ ላይ ይህ ትርኢት ያማረ ነው፤ ተራው ሠራተኛ የጌታውን ፍርድ ይሰጣል፣ ፍርዱም ምሕረት ይሆናል። ልምምዱን ስንጨርስ ግን አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና፣ «ጋሼ፣ ይህ ሰው ወደዚያ ወንዝ የሄደው ለምን ነበር?» አለችኝ። ባሪያ ሊገዛ ነው አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ታዲያ ከዚህ በፊት ገዝቶ ያጓጓዛቸውን ሰዎች ስለ ደግነቱ ማን ጠየቃቸው?» አለች።

ከዚያ በኋላ ተውኔቱን ዳግመኛ ጻፍነው። የስኔልግሬቭን ትርኢት አላወጣነውም፤ እውነት ስለሆነ መቆየት አለበት። የጨመርነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመድረኩ ወለል በታች፣ ተመልካቹ በማያየው ቦታ፣ ጥቂት ተማሪዎች ተቀምጠው ሰንሰለት ያንቀሳቅሳሉ። በላይ ያሉት በድምፅ ብልጫ ሲወስኑ፣ ድርሻ ሲካፈሉ፣ ካሳ ሲቈርጡ፣ ከታች ያለው ድምፅ አያቋርጥም። ማንም ስለ ድምፁ አንድ ቃል አይናገርም። ተመልካቹ ግን ይሰማል።

ወንበዴዎቹን ያጠፋቸው ሕግ ከእነርሱ የነጻ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ የፍጻሜያቸውን ቦታ ልብ ይበል። ሮበርትስ በየካቲት 1722 በዛሬዋ ጋቦን ጠረፍ በኬፕ ሎፔዝ ከእንግሊዝ የጦር መርከብ ጋር ሲዋጋ ተገደለ። ሰዎቹ ተይዘው ወደ ኬፕ ኮስት ምሽግ ተወሰዱ። ይህ ምሽግ በዛሬዋ ጋና የሚገኝ ሲሆን በዚያን ጊዜ የባሪያ ንግድ ያካሂድ የነበረው የሮያል አፍሪካን ካምፓኒ ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። በላይኛው ፎቅ ችሎት ሲያስችል በታችኛው ጨለማ ክፍል ለገበያ የሚጠብቁ ሰዎች ይታሰሩ ነበር። የሰው ንብረት ሰርቃችኋል ተብለው 52 ወንበዴዎች ተሰቀሉ። ከእነርሱ ጋር የተማረኩት በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ግን አልተከሰሱም፤ ተሸጡ። በዚያ ችሎት ዓይን ሰው ሳይሆኑ ንብረት ነበሩና።

እንግዲህ ወንበዴ ናቸው ወይስ ሽፍታ? እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ ሁለቱንም ስም የያዘ ነው። የባሕር ወንበዴዎች ከግፍ ሸሽተው ግፍን ያወቁበትን ያህል ፍትሕንም ያወቁ ሰዎች ናቸው። ንጉሥና ጌታ ሳያዝዛቸው ተራ መርከበኞች አለቃቸውን ሊመርጡ፣ ስንቃቸውን እኩል ሊካፈሉ፣ የቈሰለውን ሊጦሩ እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ ይህን ማንም ሊክድባቸው አይገባም። ነገር ግን ሕጋቸው የተጻፈው በመርከቡ ወለል ላይ ለቆሙት ብቻ ነበር። ለተሳላሚው፣ ለተደፈረችው ሴት፣ በሰንሰለት ለታሰረው አልተጻፈም።

መምህርም ሆነ ከያኒ የዚህ ዓይነት ታሪክ በእጁ በገባ ጊዜ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው ከአሳዳጆቹ ጋር ተባብሮ «ወንበዴ» ብሎ ማለፍ ነው፤ ሁለተኛው ያማረውን ደንብ ብቻ መርጦ ማወደስ ነው። ሁለቱም ቀላል ናቸው። የሚከብደው ደንቡን ሙሉውን ማንበብ ነው፤ ለቀኝ እጅ 600 ብር የሚለውን አንብቦ፣ ሳይቆሙ፣ ቀጥሎ ወደተጻፈው መሻገር። የአንድ ማኅበር ፍትሕ የሚለካው አባሎቹ እርስ በርሳቸው በተካፈሉት ድርሻ ብቻ አይደለም። በድርሻው ዝርዝር ውስጥ እንደ ተካፋይ ሳይሆን እንደ ዕቃ የተመዘገበ ሰው መኖር አለመኖሩም መታየት አለበት።